አዲስ መኪና ይበላሻል?

ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች፣ አማቴ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጥልኝ ሴትዮ እንኳን ሳትቀር። «አዲስ መኪና ይበላሻል እንዴ?» ይሉኛል። የሚጠይቁት ለማወቅ አይደለም። መልሱ አስቀድሞ ፊታቸው ላይ አለ፤ አዲስ መኪና አይበላሽም፣ ከተበላሸም የነጂው ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ቆሜ አስረዳ ነበር። አሁን ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ። ጨጓራዬ አልቋል።

ከአዲሷ መኪናችን በፊት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችን። አባቴ ከሰሜን በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ጡረታ ሲወጣ የገዛት፣ ሲገዛትም አሮጌ የነበረች። ጻድቅ ነበረች ብዬ አልዋሽም። ጠዋት ጠዋት ተለምና የምትነሳ፣ የግራ በሯ ከውጭ ብቻ የሚከፈት፣ ዳገት ባየች ቁጥር ውኃዋ የሚፈላ መኪና ነበረች። ባለቤቴ ገና ሳንጋባ ጀምሮ ትሰድባታለች። ነገር ግን ፒክአፗ ስትቆም ለምን እንደቆመች ትናገራለች። ትጨሳለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ የሆነ ነገር ከሥሯ ወልቆ መሬት ለመሬት ይጎተታል። ኮፈኗን ስትከፍት የሚበጠሰው ተበጥሶ፣ የሚላቀቀው ተላቅቆ ታገኘዋለህ። በሽቦ አስረህ፣ የሚያፈሰውን በሳሙና ደፍነህ ትሄዳለህ። ትሰድባታለህ፣ ግን ትሄዳለህ።

ደግሞ ብቻህን አትቀርም። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በገረሴ በኩል ካምባ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። ኮፈኗ ተከፍቶ ካየ ጥሩንባውን ነፍቶ ዳር ይይዛል። አንዱ ውኃ ያመጣል፣ ሌላው መፍቻ ያወጣል፣ ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ሲመክር ይውላል። ከተማው ውስጥ ለቅሶም ሆነ ሠርግ አርፍደን ስንደርስ «ምነው ቆያችሁ?» የሚለን አልነበረም። ሰዉ እጃችንን አይቶ ውኃ ያመጣልን ነበር፣ ዘይት ስለነካው።

ከዚያ ነዳጁ ጠፋ። ጠፋ ማለት እንኳን አይደለም። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን መጣ ይባላል። ሁለቱንም ቀን እሰለፋለሁ። የተማሪዎቼን ፈተና ማደያ በር ላይ፣ መሪ ተደግፌ ያረምኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለቤቴ ከዞኑ መሥሪያ ቤት ስትወጣ እኔን ፍለጋ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ማደያው ነበር የምትመጣው። አንድ ቀን መስኮቱን አንኳኩታ፣ «ስማ፣ እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ሰልፍ?» አለችኝ። የኤሌክትሪኳ መኪና ነገር የተነሳው ያን ዕለት ነው።

«ነዳጅ የሚባል ነገር አትፈልግም» አለችኝ። «ቤት ገብተህ እንደ ስልክ ትሰካታለህ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መብራት ሲኖር ትሰካታለሃ!»

«ነዳጁም እኮ ሲኖር እንቀዳ ነበር።»

ሳቀች። ስትስቅ እንደተሸነፍኩ አውቃለሁ። ፒክአፗን የሰላምበር ሰው ወሰዳት፣ አዲሷ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭና መጣች።

ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ነጭ ናት፤ የትንኝ ያህል ድምፅ የላትም። መሪው ጎን ትልቅ መስኮት የሚያህል ስክሪን አላት። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቻይንኛ ነው። ሻጩ «ቋንቋው ይቀየራል» ብሎን ነበር። ሊቀየር የሚችለው ግን ኢንተርኔት ስናገኝ፣ ኢንተርኔቱም የእነሱ አገር ሲሆን ነው አሉ። ውስጧ አንዲት ሴት አለች። በር ሲከፈት ትናገራለች፣ በር ሲዘጋ ትናገራለች፣ ወደ ኋላ ስንሄድ ትናገራለች። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈሩ ዕለት ጆሯቸውን ሰጥተው ካዳመጧት በኋላ፣

«ምን አለች ሴትዮዋ?» አሉኝ።

«ሰላምታ ይመስለኛል፣ አባባ።»

«እንዲህ ተቆጥታ ነው ሰላምታ?»

ቢሆንም ሳይመልሱላት አላለፉም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በጋሞኛ የእግዚአብሔርን ሰላም ተመኙላት። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት አደረሱ። እኔም አሜን አልኩ፤ ያን ጊዜ ገና አልተበሳጨሁም ነበር።

ብስጭቱ ቀስ እያለ ነው የመጣው። አንድ ቀን የድንች ጆንያ የኋላ ወንበር ላይ ባስቀምጥ፣ ሴትዮዋ ሰው መስሏት ቀበቶ አላሰረም ብላ ከገበያ እስከ ቤት ጮኸችብኝ። በመጨረሻ መንገድ ዳር አቁሜ ድንቹን በቀበቶ አሰርኩት። ዝም አለች። ጎረቤቶቻችን ቀበቶ የታሰረ ድንች ይዤ ስገባ አይተው ለሳምንት መሳቂያ አደረጉኝ። ሌላ ቀን ያለ ምንም ምክንያት አልከፈት አለችኝና ለክፍለ ጊዜዬ ሮጬ ደረስኩ፤ ከሰዓት ስመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ተከፈተች። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ቁልፉን አልነካኸው ይሆናል» አለችኝ። አልተከራከርኩም። የመኪናዋ ጸባይ ይሄ ነው፤ ምስክር ባለበት ቦታ አትበላሽም።

አሁን አማቴ ስለ ገቡበት ነገር ልናገር። አማቴ ከገረሴ አለፍ ብሎ ያለ መንደር ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጉልበታቸው ስለከዳቸው እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። እዚያ ላይ አንድ ታናሽ ወንድም አላቸው። የአባታቸውን የእንሰት ጓሮ ለሁለት ተካፍለው በሰላም ሲኖሩ፣ ታናሽየው ድንበሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፉ ውኃውን ጠጥቶ የአማቴን እንሰት አደረቀው። አማቴ ሰው ልከው አስቆረጡት። ታናሽየው «ሳይነግረኝ!» አለ፤ አማቴም «ሲተክል ነግሮኛል?» አሉ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ገበታ አልቀረቡም። አንዱ ባለበት ለቅሶ ሌላው በሌላ በኩል ይቀመጣል። አማቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይደነድናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቡላ ሲቀርብላቸው ማንኪያውን ይዘው ቆም ይሉና፣ «እሱ ቡላ ሲወድ!» ይላሉ። ናፍቀውታል። ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ሳይታረቁ መሞት ነው የሚፈሩት፣ ይህንንም በግልጽ ነግረውናል።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ብዙ ከተመላለሱ በኋላ ታናሽየው እሺ አለ። ቀን ተቆረጠ። ዕርቁ የሚሆነው እንደ ደንቡ ዱቡሻ ላይ ነው። ዱቡሻ ማለት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ነገር የሚቆርጥበት፣ ትልልቅ ድንጋዮች ለመቀመጫ የተደረደሩበት አደባባይ ነው። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ይቆማሉ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች በየራሳቸው እግር መጥተው ይገናኛሉ። ያልመጣው ዕርቁን እንደገፋ ይቆጠራል። መልእክት መላክ፣ በስልክ ይቅርታ መጠየቅ የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። ቀድሞ ሄዶ እዚያው ማደርም አይሆንም፤ ከዕርቁ በፊት ያሳደራቸው ዘመድ ወገን ያዘ ተብሎ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ስለዚህ በዕለቱ ጠዋት ተነስተን ረፋዱ ላይ መድረስ ነበረብን። ያን ጊዜ ማንም አልሠጋም። ባለቤቴ አባቷን አውቶቡስ ላይ በዚያ ጉልበታቸው መስቀል አልፈለገችም፤ አዲስ መኪና ደጅ ቆሞ ምን ቆርጦን?

ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነበር። መኪናዋ ጢም ብላ ሞላች። አማቴ ዳሩ ጥለት ያለው አዲስ ቡልኮ ለብሰው፣ ለወንድማቸው የሚሰጡትን ጋቢ ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ተቀመጡ። ባለቤቴ ከኋላ ሆነች። የኮንሶን መንገድ ይዘን የሙዙን እርሻ አልፈን ወደ ቀኝ ታጠፍን፣ ዳገቱን ተያያዝነው። አማቴ በመንገዱ ሁሉ ሲያወሩ የነበረው ስለ ወንድማቸው ልጅነት ነው። ሲዋኝ ሊሰጥም እንደነበርና እሳቸው በጸጉሩ ጎትተው እንዳወጡት ነገሩን። «ያኔ ጸጉር ነበረው» አሉና ሳቁ። ባለቤቴ በመስታወቱ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጠጠሩ መንገድ ጥቂት እንደሄድን ሴትዮዋ ተናገረች። በር አልተከፈተም፣ ቀበቶም ታስሯል። ስክሪኑ ላይ ረጅም የቻይንኛ ጽሑፍ ወጣ። መሪው ፊት ለፊት ደግሞ የኤሊ ሥዕል በራ። እውነቴን ነው፣ ኤሊ። ቤንዚን እንደ መርገጥ ብረግጣት ጭራሽ እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄዳ አንድ መታጠፊያ ላይ ቆመች። ጭስ የለም። ሽታ የለም። የተንጠባጠበ ነገር የለም። ባትሪው ገና ከግማሽ በላይ ነው። ነጭ ሆና፣ ታጥባ፣ ደህና ሆና ቆመች።

ኮፈኑን ከፈትኩት። የጠበቅኩት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያገኘሁት አንድ ትልቅ ጥቁር የላስቲክ ክዳን ነው። እሱን የሚከፍት ነገር የለኝም፤ ብከፍተውም የማየውን አላውቅም። ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ሰው ሲበሳጭ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባለቤቴ «ምን አገኘህ?» ስትለኝ «ክዳን» አልኳት።

ስልክ ላውጣ ብል ኔትወርክ የለም። የስክሪኑን ጽሑፍ ፎቶ አንስቼ ዳገቱን እያለከለክሁ ወጣሁ፤ አንዲት ጉብታ ላይ ኔትወርክ ተገኘና አዲስ አበባ ያለውን የሻጩን ባለሙያ ደወልኩለት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጨዋነቱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

«ምንም አይደለም፤ አጥፍተው ያብሩት» አለኝ።

ወርጄ አጥፍቼ አበራሁት። ኤሊው በራ። እንደገና ወጣሁ።

«ጥቂት ቆይተው ያብሩት።»

«ስንት ልቆይ?»

«ይኼ እንግዲህ እንደ ሁኔታው ነው። ሶፍትዌሩን አሻሽላችኋል?»

ከገረሴ በታች ዳገት ላይ ቆሜ ሶፍትዌር አሻሽላችኋል ይለኛል! ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ደግሞ ያለ ስልኩ ምን እሆናለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ስመለስ ካምባ የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከሥር መጣ። እጄን አነሳሁ። ሾፌሩም እጁን አነሳልኝ፤ ፈገግ ብሎ፣ ጥሩንባ ነፍቶ አለፈ። ሰላም ያልኩት መስሎታል። ቀጥሎ የመጣው ባለሞተር ብስክሌት እንኳን ዝግ አለና «ፎቶ ነው?» አለኝ፣ አገጩን ወደ ታች ወደ ጫሞ ሐይቅ እየጠቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የቆምንበት መታጠፊያ ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ከከተማ በጥሩ መኪና የሚመጣ ሁሉ እዚያ ወርዶ ፎቶ ይነሳል። እኛም ነጭ አዲስ መኪና ይዘን፣ ባለቤቴ በነጠላዋ፣ አማቴ በቡልኳቸው፣ ለፎቶ የወጣን የደላን ቤተሰብ መስለን ቆመናል።

«ተበላሽታብን ነው» አልኩት።

«ይሄ?» አለ ባለሞተሩ። ዞር ዞር ብሎ አያት። ጎማዋን በእግሩ መታ። ከዚያ ከፍየሎቻቸው ጋር ያለፉ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ኮፈኑ ውስጥ አዩ። አንደኛው «ሞተሩ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የላትም፣ በኤሌክትሪክ ነው አልኩ። «እንግዲያ ምኑ ነው የሚበላሸው?» አለኝ። ባለሞተሩ አማቴን ይዞ እንዲሄድ ለመንኩት፤ አማቴ ግን እግራቸውን ሞተሩ ላይ ማሻገር አቃታቸው። ሦስት ሰው ሆነን ብናነሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ጮኹ። ተውነው።

አማቴ መልሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ፀሐይዋን እያዩ ነበር። ሰዓት የላቸውም፤ ጥላው ከገደሉ ወደ መንገዱ ሲመጣ እሱን ይከተላሉ። «አሁን ሣሩን አጭደዋል» አሉ። ቆየት ብለው፣ «አሁን እሱ መጥቷል። እሱ ቀድሞ ነው የሚመጣ፣ ልማዱ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ መኪናዋ ምን አለች?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እንደዚያ ቀን «አላውቅም» የሚለውን ቃል የጠላሁበት ጊዜ የለም። ከፊት ለፊቴ በትልልቅ ፊደል ተጽፎልኛል፣ በድምፅም ተነግሮኛል፤ እኔ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ማስተማሬ ምንም ሳይፈይድልኝ እንደ ድንጋይ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ባዶ የድንች ጆንያ የጫነ አይሱዙ መጣ። መንገዱ መሃል ገብቼ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ሾፌሩ አማቴን ጋቢና አስገባልኝ፣ እኔ ከኋላ ጆንያ ላይ ወጣሁ፣ ባለቤቴ መኪናዋን ልትጠብቅ ቀረች። አይሱዙው ያቃስታል፣ ይንገጫገጫል፣ ከሥሩ የሆነ ነገር ይንኳኳል፤ ግን ይወጣል። ጥርሴን ነክሼ የቀኑን ጥላ አየሁ። ወደ ምሥራቅ ዘምሞ ነበር።

ዱቡሻው ላይ ሰው አልነበረም። ሣሩ ድንጋዮቹ ላይ ተጥሎ ጠውልጓል። ከአስታራቂዎቹ አንዱ ሽማግሌ ብቻ ዘንጋቸውን ይዘው በጥላ በኩል ተቀምጠዋል። ሲያዩን ተነሱ፤ ለአማቴ ግን እንደ ወትሮው እጃቸውን አልዘረጉም።

«ጠበቅን» አሉ። «ወንድምህም ጠበቀ። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ሰዉም እንሂድ አለ፣ እሱ ቆይ አለ። በኋላ ተነስቶ ሄደ።»

«መኪናዋ ተበላሽታብን ነው» አልኩ እኔ፣ አማቴ እስኪናገሩ ሳልጠብቅ።

ሽማግሌው አዩኝ። «አዲሷ?»

«አዎ፣ አዲሷ።»

ክፉ ሊናገሩ ሳይፈልጉ፣ እያዘኑ፣ «ያቺ አሮጌዋ ብትሆን ኖሮ እስኪመሽ እንቀመጥ ነበር» አሉ። «እሷ መንገድ ላይ እንደምትቀር ሰው ሁሉ ያውቃል። እሱ ግን ‹ወንድሜ አዲስ መኪና ገዝቷል ብላችሁኛል፤ አዲስ መኪና ያለው ሰው መምጣት ከፈለገ ይመጣል› አለ። ምን ብለን እንመልስለት?»

አማቴ ያመጡትን ጋቢ በብብታቸው እንደያዙ ቆሙ። የወንድማቸው ቤት ጣሪያ ከቆምንበት ይታያል። መሄድ አይችሉም፤ ሳይታረቁ ደጁን መርገጥ ነውር ነው። ቆመው አዩት። እኔ እንዲህ ያለ ንዴት ይዞኝ አያውቅም፤ የምቆጣው ሰው እንኳን አጣሁ።

ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ስል ደግሞ መጣ። በዚያው አይሱዙ ስንወርድ መታጠፊያው ላይ ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል።

«ተነሳች!» አለችኝ እየሮጠች ወርዳ። «እናንተ እንደሄዳችሁ ጥቂት ቆይቼ ብነካት ተነሳች! ልከተላችሁ ብዬ መንገዱን ፈራሁት።»

ኤሊው የለም። ጽሑፉ የለም። ቁልቁለቱን እንደ ቅቤ ወረደች። እንዲያውም ስትወርድ ባትሪዋ ሞላ። አማቴ ጋቢውን እስከ ቤት ድረስ ከጭናቸው አላወረዱትም።

በማግስቱ ማስተማሬን ትቼ ከመኪናዋ ጋር ታገልኩ። ፎቶውን በስልክ አስተረጎምኩት፤ «እባክዎ አገልግሎት ሰጪዎን ያነጋግሩ» ነው የሚለው። አነጋገርኩ። ሻጩ ለሥራ ወደ ደቡብ የመጣ ባለሙያ ላከልኝ። ልጁ መመርመሪያ መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰክቶ ረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ «መኪናዋ ምንም የለባትም» አለኝ።

«ቆማ ነበር እኮ!»

«ይሆናል፣ ግን የተመዘገበ ብልሽት የለም። እሷ እንደምትለው አልቆመችም።»

እሷ እንደምትለው! የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የባለሞተሩና የባለፍየሎቹ ምስክርነት ቀርቶ የእሷ ቃል ተያዘ። ልጁን አልሰደብኩትም፤ ምን ያድርግ። ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት። ባለቤቴም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «ያቺን ፒክአፕ ባንሸጣት ይሻል ነበር» አለች። ይሻል ነበር ወይ? እኔ እንጃ። ፒክአፗም ብትሆን ያ ዳገት ላይ ቆማ ታስረፍደን ነበር ይሆናል። ልዩነቱ እሷ ስታስረፍድህ ሐሰተኛ አታደርግህም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ በገበያ ቀን በራችን ተንኳኳ። የአማቴ ወንድም የበኩር ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ እዚያው ገረሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያገለግላል። ግባ ስለው አልገባም። ውኃም አልጠጣም፤ አባቶቹ ሳይታረቁ የእኛን ቤት ውኃ መጠጣት አይችልም። ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ።

«አባዬ ነው የላከኝ» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀን ልንቆርጥ ነው እያሉ ነው። ሰዉ ግን ‹ወንድምህ ንቆህ ነው የቀረው፣ ለምን ሁለተኛ ትቆማለህ?› ይለዋል። አባዬ ደግሞ ሽማግሌው የነገሩትን ሰምቶ ‹ንቆኝ አይደለም፣ መኪናዋ ናት› ማለት ፈልጓል። ባዶ እጁን ግን ቢናገር ማን ያምነዋል? ‹ሂድና የተበላሸውን ዕቃ አምጣልኝ› ነው ያለኝ። የተሰበረውን፣ የተቃጠለውን፣ የሆነውን። ዱቡሻ ላይ አስቀምጦ ሊያሳያቸው ነው።»

እጁ ላይ የታጠፈ ፌስታል አለ። ዕቃውን የሚይዝበት መሆኑ ነው።

አባትየው ሊያምን ፈልጎ ነው የላከው። ወንድሙ እንዳልናቀው ለሰው የሚያሳይበት አንድ ቁራጭ ብረት ነው የጠየቀን። እኔ ደግሞ ያ ብረት የለኝም። በአገሩ ሁሉ ዞሬ ላገኘው የማልችለው ነገር ቢኖር እሱ ነው። የማይረባ አሮጌ ዕቃ ከጋራዥ ለምኜ ልስጠው ይሆን ብዬ ለአንድ አፍታ አሰብኩ፤ ዱቡሻ ላይ ቆሞ ስለ እኔ ውሸት የሚምለው ሽማግሌ ታየኝና ተውኩት።

«የተሰበረ ነገር የለም» አልኩት። «ምንም አልተገኘባትም።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። የሰፈሩ ሁሉ ጥያቄ እሱም ፊት ላይ መጣ። ፌስታሉን ይበልጥ አጠፈው፣ አጠፈውና ኪሱ ከተተው።

አማቴ ከውስጥ ሰምተው ኖሯል። ከዘራቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን እየደገፉ ወጡ። ጋቢውን በብብታቸው ይዘዋል። የወንድማቸውን ልጅ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሌላ ዕቃ የለም» አሉት። «እኔን ውሰደኝ።»

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ቀን አልቆረጡም» አልኳቸው። «የት ይቀመጣሉ?»

«ዱቡሻ ላይ እቀመጣለሁ። ዱቡሻ የማንም ቤት አይደለም። እሱ ሲመጣ ይምጣ።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ጉልበትዎ፣ ብርዱ፣ ነገ እናድርሰዎት ብላ ለመነች። አልሰሟትም። ክንዳቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ፣ እሱም ያዛቸው። ደረጃውን አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ፤ በያንዳንዱ ደረጃ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። መናኸሪያው ድረስ እንዲህ ሊሄዱ ነው፣ ከዚያም ቅጥቅጥ ላይ ሊሰቀሉ።

መኪናዋ ሞልታ፣ ታጥባ ደጅ ቆማለች። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ።

«አባባ፣ ቆይ በመኪና ላድርስዎት» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዳይከፋኝ የተጨነቁ ይመስላሉ።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ዛሬ መድረስ አለብኝ።»